ለወገቤ ብዬ ደጅ ጠናሁ

ቁጭ ብሎ መዋል ያደክማል ብትሉ ማን ያምናችኋል? እኔን ማንም አላመነኝም። ጎረቤቴ ደምሴ ገበሬ ነው። ጠዋት በሬዎቹን እየነዳ በደጄ ሲያልፍ ብራናዬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ያየኛል። ማታ ሲመለስም እዚያው ነኝ። “መሪጌታ፣ ዛሬም ሲያርፉ ዋሉ?” ይለኛል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለእሱ ላብ የሌለበት ነገር ሁሉ ዕረፍት ነው።

የጽሕፈት ሥራ እንዲህ ነው። መደብ ላይ ትቀመጣላችሁ። አንዱን ጉልበት ታነሣላችሁ፤ ብራናው እሱ ላይ ይሆናል። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም በየቀንዱ ሆኖ መሬት ላይ ተተክሏል። ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው እጅ ብቻ ነው። አፍም ትንሽ ትንሽ ይላል፣ የሚጻፈውን እያነበበ። የቀረው አካል እስኪመሽ ድረስ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

አንድ ቀን ለምሳ ልነሣ ስል ወገቤ እምቢ አለ። መነሣቱንስ ተነሣሁ። ግን የተነሣሁት እንደተቀመጥሁ ነው። ባለቤቴ በለጡ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና፣ “ምን ወደቀብዎ? ይቆዩ እኔ ላንሣልዎ” አለችኝ። መሬቱን ስትፈልግ ቆየች። የወደቀው እኔ መሆኔን እስክታውቅ ጊዜ ወሰደባት።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። እኔ ጸሐፊ ብቻ አይደለሁም፤ በደብራችን ማኅሌት ቋሚም ነኝ። የምንበላው እህል የሚበቅልበትን መሬት የያዝሁት በዚያ አገልግሎት ነው። ቋሚ እንግዲህ መቆም አለበት፤ ሌሊቱን ሙሉ፣ መቋሚያውን ተደግፎ፣ ሲያሻው እያሸበሸበ። መቆም ካቃተው ቦታውን ለሚቆም ይለቃል። መሬቱም አብሮ ይሄዳል። የደብራችን አለቃ ጎብጬ ሲያዩኝ ከልባቸው አዘኑልኝ። አዝነው ሲጨርሱ፣ “እንግዲህ እስከ ጥምቀት እናያለን” አሉኝ።

አንኮበር ውስጥ መድኃኒት የማያውቅ ሰው የለም። ደምሴ ኮሶ ጠጡ አለኝ። ወገብን ከኮሶ ምን ያገናኘዋል ብዬ ብጠይቀው፣ ኮሶ የማይደርስበት የለም አለኝ። እውነቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ከቤት ወደ ጓሮ ስመላለስ ዋልሁ። ያውም ጎብጬ።

ከዚያ ከደብረ ብርሃን አንድ ሽማግሌ ወጌሻ መጡ። ወገቤን እንደ ሊጥ አሹት። “የተሰበረ የለህም፣ ልጄ። ቆመህ ዋል። ሂድ፣ ውጣ፣ ውረድ። እኔም በቅሎዬን ክረምቱን ሙሉ አስሬ ባቆያት እንዳንተው ሆና ነበር።”

“በቅሎይቱስ ዳነች?”

“ሞተች” አሉና ቅቤያቸውን ከደኑ።

በማግሥቱ ወደ ጎረቤላ በሚወስደው መንገድ ተነሣሁ። ዝም ብዬ ልሄድ፣ ዝም ብዬ ልመለስ። እስቲ በአገራችን ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ወይ ገበያ ይሄዳል፣ ወይ ችሎት፣ ወይ ለቅሶ። ያገኘኝ ሁሉ ወዴት ነው ይለኛል። የትም እላለሁ። የትም የሚባል አገር ስለሌለ ሰዉ ይደነግጣል። አንዲት እናት ገበያ በሌለበት ቀን ስፈጥን አይተው የሆነ ሰው ሞቷል ብለው ቆረጡ። ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ተከተሉኝ። ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቁኝም። እኔ ስመለስ እሳቸውም እንባቸውን እየጠረጉ ተመለሱ።

መንገዱን ትቼ ተራራ ለተራራ ልሂድ አልሁ። ይሄ ባሰ። ደብተራ ብቻውን፣ ጎብጦ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጫካ ለጫካ ቢዞር ምን ይባላል? ሥር ይምሳል ይባላል፤ መተት ሊሠራ። ሳይመሽ ወሬው አገሩን አዳረሰ። በማግሥቱ አንድ ሰው በጓሮ በኩል መጥቶ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ። “ለአማቴ ትንሽ ነገር ፈልጌ ነበር፣ መሪጌታ። እንዳይጎዳት። እንዲያው ዝም ብቻ እንዲያሰኛት።” በለጡ ይህን ስትሰማ ተቀመጠች። “አለቃ ዘንድ ከደረሰ ጥምቀትን ማን ይጠብቅልናል?” አለች።

ታዲያ ሰው ለምን ቆምህ ሳይባል የሚቆምበት ቦታ የት አለ? ሳስብ ሳስብ አገኘሁት። የአገራችን ገዥ የደጃዝማቹ ደጅ።

ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ አንኮበር ጭር ብላለች ይላሉ። የደጃዝማቹ ደጅ ግን ጭር ብሎ አያውቅም። ሹመት የሚፈልግ፣ ርስት የተነጠቀ፣ ፍርድ የዘገየበት ሁሉ እዚያ ይቆማል። ጌታው አንድ ቀን ዓይናቸው አርፎበት ምን ሆነሃል እስኪሉት ድረስ ደጅ ይጠናል። ደጃዝማቹ ሲወጡ መሬት እስኪነኩ ዝቅ ብሎ እጅ መንሣት ነው፤ ሲያልፉ ቀና ማለት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ዳገቱን አጅቦ መውጣት፣ ቁልቁለቱን አጅቦ መውረድ። ወጌሻው ያዘዙት ሁሉ ተሟልቶ አለ። ደጃዝማቹ ደግሞ እግዜር ይስጣቸው፣ ወጣ ገባ ማለት ይወዳሉ።

አጠገቤ የሚቆመው ከደነባ የመጣ ባለ ርስት ነበር። “የእርስዎ ጉዳይ ምንድን ነው፣ መሪጌታ?” አለኝ።

“የቆየ ነው” አልሁት።

“የቆየ ነገርማ ከባድ ነው” አለና ፀሐይ ያለበትን ቦታ ለቀቀልኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ዝቅ ስል የደነባው ሰውዬ ነበር ደግፎ የሚያነሣኝ። እየዋለ እያደረ ብቻዬን መነሣት ጀመርሁ። ኋላም ሌላውን እኔ አነሣ ጀመር። ጥምቀት ሲቃረብ ወገቤ ቀጥ አለ። በለጡ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቴን ሳታጎነብስ አየችው። “አርጅተዋል እኮ” አለችኝ።

በቃኝ፣ ከእንግዲህ አልመጣም ባልሁበት ቀን አጋፋሪው ወጥቶ ጌታዬ ይጠሩዎታል አለኝ። እልፍኝ ገባሁ።

“አንተ ደብተራ፣ በብርዱም በፀሐዩም ቆመሃል” አሉ ደጃዝማቹ። “እንደ ሌላው ጮኸህ አላስቸገርኸኝም። እንዳንተም ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ አላየሁም። ምን ላድርግልህ?”

ምን ልበላቸው? ደጅዎን ለወገቤ ፈልጌው ነው ይባላል? “ምንም አልሻ፣ ጌታዬ” አልሁ። “የእርስዎ ጤና ይበቃኛል።”

የደጃዝማቹ ዓይን እንባ አቀረረ። “ሰማችሁ? ሁሉም መሬት ይለኛል። ይህ ሰው ጤናህ ይለኛል።” ወደ አጋፋሪው ዞሩ። “ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊዬ ነው። ከአጠገቤ ይቀመጥ። ምንጣፍ አንጥፉለት።”

“ጌታዬ፣ እኔ እኮ ማኅሌት…”

“ለአለቃው እኔ እነግረዋለሁ። መሬትህ እንዳለ የአንተ ነው። መቆሙ ይብቃህ።”

ስወጣ የደነባው ሰውዬ ትከሻዬን ሳመኝ። ደጅ መጥናት እንደ እርስዎ ነው ብሎ ፀሐያማ ቦታውን መልሶ ያዘ።

የጥምቀት ዕለት ከውሃው ዳር ድንኳን ተተከለ። ጓደኞቼ ቆመው ያሸበሽባሉ። እኔ ከደጃዝማቹ ጎን፣ ትራስ ላይ ነኝ። ወገቤ መቆም አማረው። ልነሣ ስል አጋፋሪው ትከሻዬን ጫን አደረገኝ። “ይቀመጡ፣ መሪጌታ። ጌታዬ ይቀየማሉ” አለኝ በሹክሹክታ።

አለቃችን ከማኅሌተኞቹ መካከል ሆነው አዩኝና እጅ ነሡኝ። ቀና ሊሉ ሲሞክሩ ወገባቸውን ያዙ። ትንሽ ቆዩ፤ አልቀና አላቸው። ምን እንደሚበጃቸው ልነግራቸው ፈለግሁ። ግን ተነሥቶ መሄድ ይጠይቅ ነበር።