ለሳጥን የተላከ ሽማግሌ

አዲስ ዕቃ የሚገዛው ከሱቅ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ግን ከሰው ነው የሚገዛው። ልዩነቱ አይታየኝም የሚል ሰው ካለ ያገለገለ ፍሪጅ ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። ሱቅ ገብተህ "ይኼን ስጠኝ" ትላለህ፣ ይሰጥሃል፣ ትወጣለህ። ያገለገለ ሲሆን ግን ፍሪጁ ለምን እንደሚሸጥ፣ ሚስትየው ለምን እንደተቆጣች፣ ልጆቹ የት አገር እንደሄዱ ሰምተህ፣ "አይ ጊዜ!" ብለህ ራስህን ነቅንቀህ ነው ሰውየው በሩን ከፍቶ መብራቱን የሚያሳይህ። እኔ ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፍቼ ዳቦና ሳሙና ስሸጥ የምውል ሰው ነኝና፣ በመሸጥና በመግዛት ማንም አይቀድመኝም ብዬ አስብ ነበር። አስብ ነበር ነው ያልኩት።

እኔ የምፈልገው ፍሪጅ አልነበረም። ጦርነት ነበር። አትሳቁ! በትልቅ ሳጥን የሚመጣ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ የበረሃ ጦርነት ጨዋታ። ካርታው ሲዘረጋ የቤት በር ያህላል፤ በላዩ የሚደረደሩት የካርቶን ቁራጮች ጥፍር ጥፍር ያካክላሉ፤ እያንዳንዷ ቁራጭ አንድ ሻለቃ ጦር ናት። የሕግ መጽሐፉን አንብቦ ለጨረሰ ሰው ዲግሪ ቢሰጠው አይበዛበትም። ይኼን ጨዋታ የምንጫወተው እኔና ሙክታር ነን። ሙክታር ፎርድስበርግ የጅምላ መደብር ያለው የስልጤ ልጅ ነው። እሁድ እሁድ እኔ ከቸርች ስወጣ እሱ መደብሩን ይዘጋና መጋዘኑ ውስጥ፣ በሩዝ ጆንያ መሀል እንዋጋለን። ሳምንቱን ሙሉ "ዘራፊ መጣ፣ አልመጣ" እያለ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ለሚውል ሰው፣ በገዛ ፈቃዱ የሚዋጋበት አንድ ከሰዓት በኋላ ምን ማለት እንደሆነ እንዴት አድርጌ ላስረዳችሁ? ሰው የምሆነው ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ የሳጥኑ ባለቤት የነበረው ጓደኛችን ጠቅልሎ አገር ቤት ሲገባ ሳጥኑንም ጠቅልሎት ገባ። ከዚያ ወዲህ እሁድ ስንገናኝ ወሬያችን ስለ መኖሪያ ወረቀት እድሳትና ትናንት ስለተዘረፈው ሱቅ ብቻ ሆነ። ሙክታር ማዛጋት ጀመረ፤ እኔም አንዳንዴ መቅረት ጀመርኩ። ወንድሜ የምለውን ሰው በካርቶን እጦት ላጣው ነው ብዬ ሰጋሁ፤ እውነቴን ነው።

"አዲሱን ገዝታችሁ አታርፉም?" ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ሦስት እትም አለው። የመጀመሪያው በስህተት የተሞላ ነው። ሦስተኛው፣ አሁን ሱቅ ያለው፣ ቀለል ይበል ተብሎ ስንቅ የሚባለው ነገር ወጥቶበታል። ወታደሩ ውኃ አይጠጣ፣ ታንኩ ነዳጅ አይፈልግ፤ መተኮስ ብቻ! እስቲ አሁን ይኼ ለእኔና ለሙክታር ጨዋታ ነው? ከጅምላ አውጥቶ፣ ባኪ በምንላት ፒካፕ ላይ ጭኖ፣ መደርደሪያው ሳይራቆት መድረስ አይደለም እንዴ ኑሯችን? ሁለተኛው እትም ላይ ቡናማ የጭነት መኪናዎች አሉ። ውኃና ነዳጅ ከወደቡ እስከ ግንባር ያመላልሳሉ። ሌላው ሰው ይኼ ክፍል ይሰለቸዋል አሉ፤ እኛ ግን ታንኩን ረስተን በመኪናዎቹ ነው የምንጨቃጨቀው። ሁለተኛው እትም ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል፤ ካለም ሰው እጅ ነው ያለው። ይባስ ብሎ የሳጥኑ ሥዕል ከመጀመሪያው እትም ጋር አንድ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ቡናማዎቹ መኪናዎች ካልታዩ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

አንድ ቀን ለአንዲት ጎጎ ዳቦ እያቀበልኩ ስልኬ ላይ ያገለገሉ ዕቃዎች ማስታወቂያ ገረፍ ገረፍ ሳደርግ፣ ሳጥኑ! ብራክፓን! አፍንጫዬ ሥር! ጮኼ ኖሮ አሮጊቷ ዳቦውን ለቀቁት። ወዲያው ደወልኩ። ያነሱት ኦም ዳኒ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ ናቸው፤ "ኦም" እዚህ አገር እንደኛ "ጋሼ" መሆኑ ነው። አብረዋቸው ይጫወቱ የነበሩት ሰዎች ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ባሕር ዳርቻ ሄዶ ቀርቷል። ልቤ በደስታ ይዘላል፤ አፌ ግን የለመደውን ጀመረ። የሚፈልገውን ዕቃ የሚያሞግስ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማጣጣል ነው እንጂ!

"ጠርዙ ተልጧል መሰለኝ" አልኳቸው። "አርጅቷልም። ዛሬ ይኼን የሚጫወት ሰው አለ ብለው ነው?"

"ነጋዴ ነህ" አሉኝና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ደግሜ ብደውል፣ ደጋግሜ ብደውል አያነሱም። ጉድ ፈላ!

ሙክታር ይኼን ሲሰማ ራሱን ያዘ። "የሰውን ልጅ ካጣጣልክ በኋላ ልጅህን ስጠኝ ትላለህ?" አለኝ። ቀጥሎ፣ "በቃ፣ ሽማግሌ እንላካ!" ሳቅን። እስኪበቃን ሳቅንና ተያየን። ለካስ ቀልድ አልነበረም።

ጋሽ ሎምቤቦ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ የሆሳዕና ሰው። ጆሃንስበርግ ውስጥ እሳቸው ያልገቡበት እርቅና ጋብቻ የለም። ነገሩን አስረዳናቸው። የገባቸው አይመስለኝም፤ ግን "ቤተሰቡ ደኅና ሰው ነው?" ብለው ጠየቁ። ደኅና ነው አልን። "እንግዲያው እንሄዳለን። ሙክታር ያስተረጉማል። አንተ ግን አትገባም፤ ሙሽራ አይገባም።"

ቅዳሜ ዕለት ማስታወቂያው ላይ በነበረው አድራሻ ሄድን፤ ጋሽ ሎምቤቦ ክራቫታቸውን አስረው ከሙክታር ጋር ኦም ዳኒ ቤት ገቡ፤ እኔ ማዶ ባኪዬ ውስጥ ጥፍሬን እየበላሁ ቀረሁ። ሲወጡ ፊታቸው ፈክቷል፤ እጃቸው ግን ባዶ ነው።

"ሰጡን!" አሉ ጋሽ ሎምቤቦ።

"የታለ ታዲያ?"

"ዛሬውኑ ውሰዱ ብለው ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለ ነገር ምን ክብር አለው? ያስቡበት፣ በሳምንቱ እንመለሳለን አልኳቸው።"

"ጋሼ! ሌላ ገዢ ቢመጣስ?"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉና ባኪው ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ።

"እሺ እትሙስ? ቡናማዎቹ መኪናዎች አሉ?"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ገና በመጀመሪያው ቀን ገላልጬ ልይ? ነውር የሚባል ነገር አታውቅም?"

ሙክታር ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኋላ እንዳጫወተኝ፣ ኦም ዳኒ "ሊገዛ መጥቶ ሲሰጡት እምቢ የሚል ሰው ሳይ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው" ብለው ተገርመው ነበር። ጋሽ ሎምቤቦም "ከእንግዲህ ዘመዳሞች ነን፤ ቤታችን ቤትዎ ነው" ሲሉ ሙክታር ቃል በቃል ተርጉሞ፣ እሁድ እሁድ የምንጫወትበትን መጋዘንም ጠቁሟቸዋል።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔና ደንበኞቼ እናውቃለን። ስኳር ለጠየቀኝ ጨው እየሰጠሁ ሰነበትኩ። "ሰጥተውናል እኮ!" ይለኛል ሙክታር። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ እኔ ሙሽራው ደግሞ መኪናዎቹን ካላየሁ ማንንም አላምንም ነበር።

በሳምንቱ እኔም ተፈቀደልኝና ገባሁ። ኦም ዳኒ እሳቸውም ክራቫት አስረዋል! ሳጥኑ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

"ያ ነጋዴ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ ኦም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጠርዙም አልተላጠ።"

"ተልጧል እንጂ!" አሉና ሳቁ። በሳምንቱ መሀል አንድ የፕሪቶሪያ ሰው ደውሎ የተሻለ ዋጋ ሊሰጣቸው እንደነበርም ነገሩን። "ሽማግሌ ተልኮባታል አልኩትና ዘጋሁት" አሉ። ጋሽ ሎምቤቦ ይኼ ሲተረጎምላቸው ወደ እኔ ዞረው ቅንድባቸውን አነሱ።

ከዚያ ክዳኑ ተከፈተ። በአሮጌ የትምባሆ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ለብቻቸው ተለይተው፣ ቡናማ! ሁሉም ቡናማ! ሙክታርን አንቄ አቀፍኩት፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ጋሽ ሎምቤቦ አንዷን መኪና በሁለት ጣታቸው አንስተው፣ ገልብጠው አዩና "ለዚች ነው ክራቫት ያሳሰራችሁኝ?" አሉ።

ታሪኩ እዚህ ያልቃል ብዬ ነበር። በነጋታው እሁድ መጋዘኑ ውስጥ ካርታውን ዘርግተን፣ ጋሽ ሎምቤቦም ትዳሩ እንዴት እንደያዘ ሊያዩ መጥተው ጆንያ ላይ ጋደም እንዳሉ፣ በሩ ተንኳኳ። ኦም ዳኒ ናቸው። ቤታችን ቤትዎ ነው ተብለው የለ? መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡና የተቃራኒውን ጦር ያዙ። ምን ልበላችሁ፣ ታንካችንን ጭራሽ አልነኩም! መንገድ ላይ አድፍጠው ቡናማዎቹን መኪናዎች ብቻ ለቀሙብን። እኔና ሙክታር፣ ዕቃ በማቅረብ እንጀራችንን የምንበላ ሁለት ነጋዴዎች፣ ጦራችን በውኃ ጥም አልቆ እጅ ሰጠን። ሽንፈት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም! ሙክታር ከሳቁ ብዛት እንባውን ይጠርጋል።

ኦም ዳኒ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ለቀሙ፣ መኪናዎቹን ቆርቆሯቸው ውስጥ መለሱ፣ ካርታውን አጠፉ፣ ክዳኑን ገጠሙ። ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን ከጓደኞቻቸው ቤት ሲወጡ እንደሚያደርጉት ሳጥኑን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው "ደኅና ዋሉ" ብለውን ወጡ።

ሂሳቡ እኮ ተከፍሏል! ሙክታር እኔን ያያል፣ እኔ ሙክታርን አያለሁ። የመኪናቸው ሞተር ተነሣ። ደፍሮ "ኦም፣ የእኛ ነው" የሚል ጠፋ።

"ጋሼ!" ብዬ ጋሽ ሎምቤቦን ወዘወዝኳቸው። "ጋሼ፣ ይዘውት ሄዱ!"

አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። "ታዲያ ልጅቷ አባቷ ቤት መልስ አትጠራም? ምን ቆመህ ታፈጣለህ፣ ሙሽራው ይከተላል እንጂ!"

ባኪዬን አስነሥቼ ተከተልኳቸው፤ ሙክታርም እየሮጠ ደርሶ ከኋላ ተንጠለጠለ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ብራክፓን ነን፤ መልሱ እስካሁን አላለቀም።