በትእዛዝ የሚመጣ ድንገተኛ ሳቅ

የሰው ልጅ ካሜራ ፊት እንደ ግንድ ተገትሮ የሚነሳበት የጨለማ ዘመን በጅዳና በመካ ሐበሾች ዘንድ በይፋ ያበቃው፣ ተውፊቅ ስለ ተፈጥሯዊ የሰርግ ፎቶ የሚያስተምር የሦስት ሰዓት ቪዲዮ በስልኩ አይቶ የጨረሰ ዕለት ነው። ተውፊቅ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ጅዳ፣ ፔትሮሚን የጋራዦች ሰፈር ውስጥ መኪና ቀለም ይቀባል፤ ዓርብ ዓርብ ታሪክ ይሠራል። ከቪዲዮው የቀሰመው ታላቅ እውነት አንድ ነበር፤ ፎቶ አንሺ ከሙሽሮቹ ጋር ልብ ለልብ ካልተቀራረበ ሳቃቸው ከልብ አይሆንም። ይህንንም ሥራ ላይ ለማዋል «የሙሽሮች ቅርበት ማጠናከሪያ መጠይቅ» የተሰኘ፣ አርባ ሁለት ጥያቄ ያለው ሰነድ አዘጋጀ።

የሰነዱ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎች መዲናና ዐብዱ ሆኑ። መዲና መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር ውስጥ የሰው ቤት ትሠራለች፤ ዐብዱ ሾፌር ነው። የሰርጋቸው ቀን ደርሷል፤ ኒካሁ ግን በአንድ ፎቶ ላይ ተንጠልጥሏል። ወሎ ያሉት አባቷ ሼህ ይማም «ልጅህን አስገድደው ሊድሯት ነው» የሚል ወሬ ሰምተው፣ «ከልጁ ጋር ሆና ፊቷን ሳላይ ውክልና አልሰጥም፤ የልጄን ሳቅ አውቀዋለሁ» ብለዋል። ማዳሟ ደግሞ የፈቀደችላት እስከ መግሪብ ብቻ ነው።

ተውፊቅ የተጣለበትን ኃላፊነት በሚገባ ተረዳ። ከጁምዓ በኋላ በመዲና አክስት በሀሲና ቤት ሙሽሮቹን አስቀምጦ መጠይቁን ዘረጋ።

«ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ። ዐብዱ፣ መዲናን መጀመሪያ ስታያት ልብህ ምን አለህ?»

«ጾም ላይ ነበርኩ፤ ምንም አላለኝ።»

መዲና ገላመጠችው። እጅግ ተፈጥሯዊ ግልምጫ ነበር፤ ተውፊቅ ግን አቀርቅሮ መልሱን እየጻፈ ስለነበር አመለጠው።

«በሉ፣ አሁን እኔን እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» አለ ካሜራውን አንስቶ።

«አፍንጫዬ ሥር ቆመህ እንዴት አድርጌ?» አለች መዲና።

«ዐብዱ፣ አንተ በድንገት ዞር ብለህ እያት።»

«አሁን?»

«አሁን አይደለም! ስነግርህ፣ በድንገት።»

ዐብዱ ሲነገረው በድንገት ዞረ፤ ዘጠኝ ጊዜ። መዲና ከልቧ እንድትስቅ ስድስት ጊዜ ታዘዘች፤ በሰባተኛው ጉንጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«የቅርበት ማነስ ይታያል» ሲል ተውፊቅ ገመገመ። «ጥያቄ ሠላሳን እንድገመው።»

«ወላሂ ዐስር ተሰገደ እኮ ተውፊቅ! ዝም ብለህ አንሳን!» አለች መዲና።

ከሁለት መቶ ፎቶ የላቀው ተመርጦ ወደ ወሎ ተላከ። የሼህ ይማም መልስ በድምፅ መጣ። «ያረቢ! የልጄ ዐይን አድኑኝ ይላል። ልጁስ ምን ሆኖ ነው አንገቱ የተጣመመው? ኒካሁ ይቁም!»

መዲና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቀን ነበር። ተውፊቅም ልቡ በእጅጉ ተነካና፣ «እጅሽን ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ እንባው እንዲታይ» አላት።

«ኸላስ!» ብላ ሀሲና መሀል ገባች። «ያላ፣ ውጡ! መንሱር ሰፈር ስቱዲዮ ሄደን እንደ ሰው ትነሳላችሁ!»

መንሱር ያለው ስቱዲዮ ባለቤት ቀኑን ሙሉ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለኢቃማ የሚሆን ፎቶ የሚያነሱ ኮስታራ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ማንነታቸውን ሳይጠይቁ ሁለቱን ነጭ ግድግዳ ላይ አስጠጓቸው። እንደ ልማዳቸውም ጣታቸውን ቀስረው፣ «ጥርስ እንዳላይ! መሳቅ ክልክል ነው!» አሉ።

ሙሽሮቹ ተያዩ። ዐብዱ ከንፈሩን ነከሰ፤ መዲና ትንፋሿን ያዘች። አልሆነም። መዲና ሆዷን ይዛ እስክትጎብጥ ድረስ ሳቃቸው ገነፈለ፤ ሽማግሌውም ደንግጠው ካሜራውን ተጫኑት።

«ተበላሸ፤ ልድገመው» አሉ።

«እንዳይነኩት!» አለች ሀሲና።

ከኋላ ተከትሏቸው የመጣው ተውፊቅ ግራ ገባው። «ከሙሽሮቹ ጋር እንዴት ቢቀራረቡ ነው?» ሲል ሽማግሌውን ጠየቀ።

«ሙሽሮች ናቸው እንዴ?» አሉ።

ከወሎ የመጣው ድምፅ አሁን እንባ ነበረበት። «አልሐምዱሊላህ! ይቺ ናት ልጄ። እሰሩላቸው።» መግሪብ ሳይደርስ ኒካሁ ታሰረ።

ተውፊቅ ከስህተቱ የማይማር ሰው አይደለም። መጠይቁን በዚያው ሳምንት ቀደደው። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ሙሽሮችን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ «መሳቅ ክልክል ነው!» ይላል። ሙሽሮቹም ጨዋ ልጆች ናቸውና ትእዛዙን ያከብራሉ፤ እስካሁን አንድም ጥርስ አልታየም።