ሊቀ ዕፀው ታረቀኝ እና የስለታቸው ዋንዛ

እንጨት በሚላግበት ስፍራ ሁሉ፥ አንዲት ጣውላ ልጎ የማያውቅ ሊቅ አይታጣም። የመጋዙ ጩኸት ለእርሱ የደወል ጥሪ ነው፤ ካለበት ያመጣዋል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ቁይ፥ ከአምበር እስከ ሮብ ገበያ፥ ይህ ሰው የማይቆምበት የእንጨት ሥራ ቤት ከተገኘ፥ ባለቤቱ ወይ ዛሬ ጠዋት የከፈተ ነው፥ ወይም ሰውየውን ሰጋቱራ ውስጥ ቀብሮታል።

በእኛ ሰፈር ይህን መንበር የያዙት ክቡር አቶ ታረቀኝ ናቸው። ከጂኦግራፊ መምህርነት በጡረታ ከተገለሉ ወዲህ ማንም ሳይቀባቸው «ሊቀ ዕፀው» ሆነዋል። ማዕረጉን ያወጣላቸው አናጢው አስማማው ነው፤ እርሱም ቢሆን በማዕረጋቸው የሚጠራቸው በሌሉበት ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይላቸዋል።

ጋሼ ታረቀኝ ወደ አስማማው ሥራ ቤት ሲገቡ ሰላምታቸውን የሚያስቀድሙት ለሰው አይደለም። ጣውላውን በመሃል ጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፤ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የበሽተኛ ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም ዝም ይላሉ። ቀጥለው ፍቅፋቂውን ያሸታሉ፤ የባሰ ቀን ሲሆንም ይቀምሱታል። ከዚያ በኋላ ፍርዱ ይሰማል፦ «ይኸ ዋንዛ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ!»

ስለ ዋንዛ ሲናገሩ መስማትስ ራሱን የቻለ ጉባኤ ነው። «ዋንዛ እኮ ልጄ፥ የእንጨት ጨዋ ነው። ጠንካራ ነው፥ ግን አይከብድም። መላጊያ ሲነካው አይነጫነጭም። ከደረቀ ወዲያ አይጣመምም፤ ቀዩን ልቡን ምስጥ ደፍሮ አይነካውም። በር ሁን ብትለው፥ አልጋ ሁን ብትለው፥ ከበሮ ሁን ብትለው እሽ ባይ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ተቆርጦም ጠብ አይለቅም፤ ሲጠማዘዝ ይከርማል!» እስከዚህ ድረስ እውነታቸውን ነው። ችግሩ፥ በእርሳቸው ጆሮ ዋንዛ የሚባለው አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ እርሱም በገዛ ግቢያቸው የቆመው ነው።

አንድ ጊዜ ወይዘሮ ሥራነሽ ለልጃቸው መዳሪያ አስማማው ዘንድ አልጋ አሠሩ። ሊወስዱ በመጡበት ቀን ሊቀ ዕፀው በስፍራው ነበሩ።

«እሜቴ፥ በዚህ ላይ ነው ልጅዎን የሚያስተኟት?»

«ምነው ጋሼ?»

«ብሳና ነው። ፍራሹን ከአሁኑ መሬት ላይ ቢያነጥፉላቸው ይሻላል።»

ወይዘሮ ሥራነሽ የአልጋውን እግር የያዘ እጃቸውን እሳት እንደ ነካው ሰው መለስ አደረጉ። አስማማው ተናድዶ ከአልጋው ሥራ የተረፈውን ቁራጭ ለሁለት ሰነጠቀላቸው። «ይዩት! ደም መስሎ!»

«ቀለም ቀብተኸዋል» አሉ ጋሼ ታረቀኝ።

«እስከ ልቡ?»

«ለተንኮል ሲሆንማ መቼ ትሰንፋለህ!»

አልጋው ሦስት ልጆች እየዘለሉበት እስከ ዛሬ ሲጥ ብሎ አያውቅም።

ወደ ግቢያቸው ዋንዛ ስንመለስ፥ ዛፉ የስለት ነው። ሴት ልጃቸው በሕፃንነቷ በጽኑ ታማ ሳለ፥ «ካዳንሽልኝ ይኸ ዋንዛ ለደጅሽ በር ይሁን» ብለው ለኪዳነ ምሕረት ተስለዋል። ልጅቱ ዳነች፤ አደገች፤ ተዳረች፤ አሁን የራሷን ልጆች አስከትላ ትጠይቃቸዋለች። ዋንዛው ግን እንደ ቆመ ነው። የደብሩ መሪጌታ ገዳሙ በየዓመቱ በለዘበ አንደበት ያስታውሷቸዋል፤ እርሳቸውም በየዓመቱ፥ አስማማው በሚሰማበት ሥፍራ፥ ያንኑ ይመልሳሉ፦ «ዛፉስ ደርሷል፥ መሪጌታ። የሚመጥነው አናጢ አልተወለደም እንጂ።»

ዘንድሮ የቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ ሲወድቅ፥ የመሪጌታም ልዝብነት አብሮ ወደቀ። «አቶ ታረቀኝ፥ አናጢዎ እስኪወለድ እመቤታችን ደጇን በሸራ ትጋርድ?»

ዛፉ ሊቆረጥ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። መጋዙ ቅርፊቱን አለፈ፤ ነጩን አለፈ፤ ከቀዩ ጥቂት እንደ ቆረጠ የሚቆርጠው ነገር አጣ። ግንዱ ሲወድቅ ከውስጡ ጥቁር ብናኝ ተዘረገፈ። አናጢ ሲማረጥለት አርጅቶ፥ ልቡ በስብሶ አልቋል። የሰውን ጣውላ ሁሉ ሲያንኳኩ የኖሩት ጋሼ ታረቀኝ፥ የገዛ ዛፋቸውን አንድ ቀን አንኳኩተውት አያውቁም ነበር።

አስማማው ለመሳቅ አፉን ከፍቶ ሳለ ፊታቸውን አየና መልሶ ዘጋው። ሰውየው የሚያዩት ዛፉን አልነበረም፤ በሐሳባቸው ያችን የተሳሉላትን ልጃቸውን ነበር።

በማግስቱ ወደ ሥራ ቤቱ መጥተው ደጁ ላይ ቆሙ። «ከአምበር ባመጣኸው ዋንዛ በሩን ሥራልኝ። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ይድረስ።»

«በየትኛው ጣውላ ልሥራው ጋሼ?»

«አንተ በመረጥኸው።»

አላንኳኩም፤ አላሸተቱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአስማማው ሥራ ቤት ጸጥታ ሰፈነ። ደንበኞች እንኳ ያልተሰደበ ጣውላ መግዛት እየከበዳቸው፥ «ጋሼ ታረቀኝ ምን አሉ?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር።

በዓሉ ሲቃረብ ለበሩ አንዲት ጣውላ ጎደለች። በእጁ የቀረችው ገና ያልደረቀች ነበረች። አስማማው አመነታ፤ ዳሩ ግን እነዚያ ጣቶች ማንኳኳት ትተዋል፤ ቨርኒሽ ሲነካት ደግሞ ማን ይለያታል? ከግርጌ ገጠማት።

ጋሼ ታረቀኝ በሩን ሊያዩ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፥ «አምሮበታል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉ።

አስማማው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ስድብ ሰምቶ አያውቅም።

«አያንኳኩትም ጋሼ?»

«ተወኝ ልጄ። ምን ጆሮ አለኝ ብለህ?»

«ፈርተው ነው እንጂ! ዋንዛ ሆኖ ቢገኝ የት ይገባሉ?»

የሊቀ ዕፀው ዓይን ቦግ አለ። ጣታቸውን ከኋላቸው አውጥተው የላይኛውን ጣውላ አንኳኩ፤ ቀጥሎ ያለውን አንኳኩ። ከግርጌው ሲደርሱ በርከክ ብለው ጆሯቸውን ለጠፉበት።

«አስማማው!»

«አቤት።»

«ይች ጣውላ እርጥብ ናት! ነገ ስትደርቅ ትኮማተርና በእመቤቴ ደጅ ለአይጥ መግቢያ ትከፍታለች። አንተ ቀጣፊ!»

«ዛሬም ተሳሳቱ ጋሼ። አጥንት ያህል ደርቃለች።»

«አጥንት? አጥንትህ ይውጣ! በዚህ አገር አናጢ የለም!» እያሉ ወጡ። መንገድ ላገኙት ሁሉ ይህንኑ ሲያውጁ ይሰማ ነበር፤ ድምፃቸውም ወጣት ሆኗል።

አስማማው ጩኸቱ ከመታጠፊያው ባሻገር እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያም መሮውን አንሥቶ እርጥቧን ጣውላ ነቀላት፤ በምትኳም ከገዛ ቤቱ በር ደረቅ ዋንዛ አውጥቶ ገጠመበት።

እውነታቸውን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልነገራቸውም። እኛም አንነግራቸውም። አንድ ጊዜ ልክ እንደ ነበሩ ያወቁ ቀን፥ በዚህ ከተማ ማን ሊኖር ነው?