ከአጎቴ ጋር ያልተስማሙ ኮርቻዎች

በየቤተሰቡ የሚመቸው ነገር ገና ያልተሠራለት አንድ ሰው አይጠፋም። ትራሱ ያንገቱ ጠላት ነው፣ ጫማው ይጠበዋል፣ ታክሲ ውስጥ የሚደርሰው ወንበር ሁልጊዜ ሽቦው የወጣው ነው። የእኛ ቤት ተጠሪ ክቡር አጎቴ ናቸው።

አጎቴ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ደብዳቤ ማደል ካቆሙ ስድስት ዓመት ቢያልፋቸውም፣ ጠዋት ጠዋት በብስክሌታቸው የድሮ ሰፈሮቻቸውን ሳይዞሩ አይውሉም። የሚያደርሱት ነገር የለም፤ ሰላም ብለው፣ የታመመ ጠይቀው፣ ማን ቤት እንደለቀቀ አጣርተው ይመለሳሉ። ይህ ከቀረባቸው ምን እንደሚውጣቸው እኔ እንጃ።

አምና ወገባቸውን አመማቸው። ሐኪሙ ኮርቻውን እንዲቀይሩ መከራቸውና፣ "ካልተሻለዎት ግን ብስክሌቱ ይብቃዎት" አላቸው። ኮርቻ የሚሸጥላቸው የሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ መከራ የጀመረው ያን ቀን ነው።

አጎቴ ኮርቻ ሲመርጡ ልጅ የሚድሩ ይመስላሉ። በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ በክርናቸው ይደግሙታል፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቃሉ። ከዚያ ከሁሉም የሚለሰልሰውን ይዘው ይሄዱና በሳምንቱ ፈትተው በፌስታል ይመልሱታል።

"ምን ሆነ ጋሼ?"

"አልተስማማንም።"

ሰፊው ጭን ይፍቃል ተባለ። ወፍራሙ ያልባል ተባለ። መሃሉ ክፍት የሆነውንማ፣ "ሥራው ሳያልቅ ነው የሸጥክልኝ" ብለው በማግስቱ መለሱት።

ጠጋኙ ታጋሽ ሰው ነው። ስድስተኛው ኮርቻ ሲመለስለት ካርቶን አምጥቶ በርጩማ ላይ አነጠፈና አስቀመጣቸው። ፖስታ ቤት ያገለገሉ ሰው፣ መንገደኛ እያየ፣ ኮስተር ብለው ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ሲነሱ አጥንታቸው ያረፈባቸውን ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች በሜትር ለካ።

"የጎዳዎት ልስላሴው ነው ጋሼ። ሲሰምጥብዎት አጥንትዎ ማረፊያ ያጣል። ይሄን ጠንካራውን ይውሰዱ። ሁለት ሳምንት ያሳምምዎታል፤ ወገብዎን ሳይሆን መቀመጫዎን። ከዚያ ይለምዳል።"

የአጎቴ ባለቤት፣ እኛ እቴቴ የምንላት፣ ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር ልትሰማ አልፈለገችም። ወር ሙሉ እህህታቸውን ስትሰማ ከርማለች። "ሰባተኛህ ነው" አለቻቸው። "አንዴ አመመኝ ካልክ ሳይክሉ ይሸጣል።" እቴቴ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች።

በአራተኛው ቀን ምሳ እነሱ ጋ ነበርኩ። አጎቴ ከዙረታቸው ሲመለሱ ደረጃውን አንድ በአንድ ነው የወጡት።

"ኮርቻው እንዴት ነው?" አልኩ ሳላስብ።

እቴቴ ጭልፋዋን ይዛ ቀና አለች። አጎቴ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"ምቹ ነው" አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው፣ ሳህናቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ።

"ምነው፣ አትቀመጥም?" አለች እቴቴ።

"ቆሞ መብላት ለሆድ ጥሩ ነው።"

አንጀቴን በሉት። ዕድሜ ልካቸውን ሲያማርሩ የኖሩ ሰው፣ አሁን የእውነት ሲያማቸው ምቹ ነው አሉ። እቴቴ ግን ዓይኗን አልነቀለችም፤ አንድ ጥያቄ ብትጨምር ነገሩ ሊያበቃ ነው።

ሳህኔን አንስቼ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ።

"አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?" አለችኝ።

"እኔንም ሆዴን አሞኛል" አልኳት።