አርባ አንደኛዋ ተሳታፊ

ካዛንቺስ ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ እስከ ስድስተኛው የተንሰራፋ ታላቅ ኮሌጅ አለ። ከሥሩ ሥጋ ቤት፣ ከአናቱ የውሃ ታንከር ስላለ ወደ ታችም ወደ ላይም መስፋፋት አልቻለም፤ ራእዩን ግን የሚያግደው አልተገኘም። በዚሁ ራእይ መሠረት የተማሪዎች ጉዳይ ዲን አቶ ፍሰሃ «የካምፓስ ሕይወት ማጠናከሪያ መመሪያ» አወጡ። በክበባት ስብሰባ ሠላሳ ጊዜ ተገኝቶ ያልፈረመ ክሊራንስ አያገኝም፤ ክሊራንስ የሌለው ጋዋን አይለብስም።

ውጤቱ አስደናቂ ነበር። ከአርባ አንድ ተመራቂዎች አንዷ፣ የላንቻዋ ሲምረት፣ ስብሰባ ሁሉ ላይ ተገኘች። በችግኝ ተከላ ክበብ ስም ኮሪደሩ ላይ በቀለም ቆርቆሮ የበቀሉትን ሁለት አበቦች አጠጣች። በክርክር ክበብ ደግፋም ተቃውማም ተናገረችና በጠባብ ልዩነት ተሸነፈች። የቀሩት አርባዎቹ ከሥጋ ቤቱ ጎን ካለው ካፌ ሆነው በስልክ ተሳተፉ።

«ሲሙ፣ በናትሽ ፈርሚልኝ፤ በቃ ደረጃው ላይ ነኝ» ይላታል የክፍሏ ልጅ አሉላ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ።

ትፈርማለች። የአሉላን ጋደል፣ የሰገንን ክብ ክብ አድርጋ። አቴንዳንሱ አርባ መስመር ብቻ ስለነበረው፣ ሰው የምታስቀድመው ሲምረት ራሷ ጋ ስትደርስ ወረቀቱ ያልቃል። ጀርባው ላይ እንዳትፈርም፣ ከመስመር ውጪ መፈረም በመመሪያው ክልክል ነው።

ምርቃቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እናቷ ወይዘሮ ሀብትነሽ ዘመድ ጠርተው ከጨረሱ በኋላ፣ ዲኑ አስጠሯት።

«አርባዎቹ ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ ተገኝተዋል። አንቺ ዜሮ። ከሰው ትሸሻለሽ እንዴ ልጄ?»

«ጋሽ ፍሰሃ፣ ማለቴ… እዚያ የነበርኩት እኮ እኔ ብቻ ነኝ።»

«አየሽ» አሉ ዲኑ ከልባቸው አዝነው፤ «ብቸኝነት እንዲህ ነው የሚጀምረው። አርባ ሰው መሀል ተቀምጠሽ ብቻዬን ነኝ ትያለሽ።»

አቅጣጫ ተቀመጠ። አርአያ ተሳታፊው አሉላ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ስድስተኛ ፎቅ አዳራሽ ተገኝቶ ከሰው መቀላቀልን ያስተምራታል፤ ዲኑ በአካል ይቆጣጠራሉ። የሦስቱም ፊርማ ያረፈበት ቅጽ ከቀረበ ክሊራንሷ ሰኞ ይፈረማል።

ቅዳሜ ሲምረት ቀድማ ደረሰች። አሉላ ከመስቀል ፍላወር ደወለ። ኮሌጁ አዳራሽ እንዳለው መስማቱ እንዳስደሰተው ገልጾ የተለመደውን ለመነ። ፈረመችለት። ለጥቆ ዲኑ ደወሉ፤ ሰንጋ ተራ አስቸኳይ ስብሰባ ይዟቸዋል። ከስብሰባው መሀል ጥብስ ሲንጣጣ ይሰማ ነበር።

«ልጄ፣ እዚያው ለእኔም ፈርሚልኝ።»

«ፊርማዎን አላውቀውም እኮ።»

«መመሪያው ላይ አለ። እያየሽ አስመስይው።»

አስመሰለችው። የራሷንም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር ተርፎላት፣ ፈረመች። ከዚያ ከቦርሳዋ ክሊራንሷን አወጣችና እጇ ሳይቀዘቅዝ እዚያም ፈረመችላቸው።

በምርቃቱ ዕለት ዲኑ «በአንድ ቅዳሜ ብቻ ከሰው የተቀላቀለች» ሲሉ በስም አወደሷት። ሲምረትም ከነጋዋኗ ተነስታ እጅ ነሳች። ክሊራንሷን መቼ እንደፈረሙላት ዲኑ ጨርሶ አላስታወሱም፤ ነገር ግን የገዛ ፊርማቸውን አይተው መፈረማቸውን አመኑ።