በጸደቀው ንድፍ ላይ ያልነበረው ፈፋ

በባቡር መስመር ንድፍ መምሪያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ መሬት ሲቆርጡ ይውላሉ። በዶማ አይደለም፤ በሥዕል ነው። ባቡሩ የሚያልፍበትን መሬት በየሃያ ሜትሩ እንደ ዳቦ ቆርጠው፣ ሐዲዱ የት እንደሚያርፍ፣ አፈሩ የት እንደሚሞላና የት እንደሚቆፈር ያሳያሉ። የሥዕሉ ስም ክሮስ ሴክሽን ነው። የመስመሩ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ተቆርጦ እስኪያልቅ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ልክ ሲያልቅ ከበላይ አካል “መስመሩ ሁለት ሜትር ወደ ግራ ፈቀቅ ይበል” የሚል ደብዳቤ ይመጣና ሥራው እንደገና ከአንድ ይጀመራል። በዚህ ሁኔታ መምሪያው ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ሐዲድ ሳያስነጥፍ፣ አንዲት ቀንም ሥራ ሳይፈታ ኖሯል።

የሥዕሎቹ ብዛት በሁሉም ሰው አፍ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነው። የመነሻውን ሥዕል ጨምራ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አንድ የምትለው ሚሊሜትር ብቻ ናት። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ስለ አንዲት ቀጭን መስመር ከሰው ጋር ስለምትጣላ። ባሏ ባቡር ነጂ ነው። እሷ የምትነድፈውን እሱ ስለሚነዳው ነው መሰል፣ እንደ ሌሎቹ “ይሁን፣ ምን አለበት” ማለት አይሆንላትም።

ዘጠነኛው የ“ፈቀቅ ይበል” ደብዳቤ በመጣ ሰሞን አንድ ነገር አሰበች። መስመሩ ኮምፒውተር ውስጥ በሞዴል መልክ አለ፤ አንዱን ልክ ስትቀይረው ሌላው ሁሉ አብሮት ይቀየራል። ታዲያ ሥዕሉንስ ለምን ራሱ አይቆርጠውም? ሁለት ወር ከምሳ ሰዓቷ እየቀነሰች አስተማረችውና ወደ ዳይሬክተሩ ገባች።

“ስንት ጊዜ ፈጀ?” አሉ ዳይሬክተሩ።

“ሃያ አምስት ደቂቃ።”

“አንዱ?”

“ሁሉም።”

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አጠለቁ። “የዓመቱ ዕቅዳችን ዘጠኝ ወር ነው የሚለው። የተረፈውን ስምንት ወር ከሃያ ዘጠኝ ቀን ምን ልናደርገው ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?”

በማግሥቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። በእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ ነዳፊ፣ አረጋጋጭና አጽዳቂ የሚፈርሙባቸው ሦስት ሣጥኖች አሉ። የሰው ኃይል ኃላፊው ብዕሩን አዘጋጀ።

“ነዳፊው ማነው?”

“ሞዴሉ ነው” አለች ሚሊሜትር።

“የቅጥር ደብዳቤ አለው?”

“የለውም።”

“እንግዲህ ሳይቀጠር ሲሠራ ተገኘ ማለት ነው” ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ።

ኮሚቴው አራት ጊዜ ተሰብስቦ ዘመናዊነትን ከደንብ ጋር የሚያስታርቅ ውሳኔ አሳለፈ። ሞዴሉ ሥዕሎቹን በሃያ አምስት ደቂቃ ያወጣል፤ ሥዕሎቹ ይታተማሉ፤ አሥራ ሁለቱ ሠራተኞች በስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይገለብጧቸዋል፤ ግልባጩም ተፈርሞበት ወደ ኮምፒውተር ይመለሳል። ዘጠኝ ወር የነበረው ሥራ አሥራ አንድ ወር ሆነ። በመምሪያው በር ላይም “ፈጣን አገልግሎት” የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ።

ሚሊሜትር ግን እጇ አላርፍ አላት። አንድ ቀን ሞዴሉን በየሃያ ሜትሩ ሳይሆን በየሜትሩ ቆረጠችው። ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ በሁለት የድሮ ሥዕሎች መሀል፣ ዐሥር ሜትር ስፋት ያለው ፈፋ አፉን ከፍቶ ብቅ አለ። አፈር ሊሞላበት ታስቧል፤ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ግን የለውም።

ሥዕሉን ይዛ ወደ ዳይሬክተሩ ሮጠች።

“ይሄ ፈፋ ከማሽኑ በፊት ነበረ?” ሲሉ ጠየቋት።

“ከፍጥረት ጀምሮ ነበረ።”

“በእኛ ሥዕል ላይስ?”

“አልነበረም።”

“ስለዚህ ያመጣብን ማሽኑ ነው።”

“ጌታዬ፣ ውሃ መሄጃ ካጣ ሙሌቱን ጠራርጎ ይዞት ይሄዳል!”

“በሰባት ዓመት አንድም ፈፋ ገጥሞን አያውቅም። አንቺ በአንድ ቀን አንድ አመጣሽ። እንዲህ ከቀጠልሽ በዓመት ስንት ሊሆን ነው?”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሃያ ሜትር በታች መቁረጥ በሰርኩላር ተከለከለ። ሚሊሜትር በነዳፊው ሣጥን ውስጥ አልፈርምም አለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ነዳፊ ዓይኑን ጨፍኖ ፈረመ፤ አረጋጋጩ የእሱን ፊርማ አይቶ ፈረመ፤ ዳይሬክተሩ የሁለቱን አይተው አጸደቁ።

ማታ ባሏ ድንች እየላጠ አዳመጣት።

“እኔስ እዚያ ቦታ ስደርስ ምን ላድርግ?”

“ንድፉ ላይ ስለሌለ እንዳላየህ ሆነህ ታልፋለህ።”

“ባቡሩስ?”

ድንቹን ከእጁ ተቀብላ መላጥ ያዘች። በማግሥቱ ስለ ፈፋው ለዳይሬክተሩ በሦስት ቅጂ ጻፈች። አንዱ ቅጂ “ታይቷል” የሚል ማኅተም ተመቶበት ተመለሰላት።

በጸደቀው ንድፍ የአፈር ሙሌቱ ተጀምሮ፣ ሐዲዱ ሳይነጠፍ ክረምት ገባ። አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት ሲታይ ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ የተከመረው አፈር ከነቡልዶዘሩ የለም። ሰው አልሞተም። ሚሊሜትር ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ የታያት ባሏ ነው፤ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና እስኪወጣላት አለቀሰች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግኝቱን ይፋ አደረገ። አንደኛ፣ መሬቱ ከጸደቀው ንድፍ ጋር ተስማምቶ አልተገኘም። ሁለተኛ፣ ንድፉ ላይ የፈረሙት ሦስቱ ሰዎች ስለ ፈፋው ምንም የማያውቁ በመሆናቸው ነፃ ናቸው። ሦስተኛ፣ ፈፋው መኖሩን አስቀድማ ታውቅ የነበረች ብቸኛ ሠራተኛ ሚሊሜትር መሆኗ በራሷ እጅ በሦስት ቅጂ በጻፈችው ደብዳቤ ስለተረጋገጠ፣ ተጠያቂዋ እሷ ናት።

የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ የሰጧት ራሳቸው ዳይሬክተሩ ናቸው። ሰውየው ከልባቸው አዝነው ነበር።

“እንደ ልጄ ስለማይሽ ነው የምመክርሽ” አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ “ለወደፊቱ አትወቂ።”