የአማቴ ሦስት ቀዬዎች

የቦታ ስም ትርጉም አውቃለሁ የሚል ሰው ሁሉ ሚስት ያላገባ ነው። ቅር ካላችሁ ጨርሳችሁ ፍረዱኝ።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለው ቀዬአችን የሚጠራው በአማቴ፣ በባለቤቴ አባት ስም ነው። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ይለዋል፤ ከእኛ ከሦስቱ ምራቶች በቀር። በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በሙሽርነቷ ራሷ ባወጣችላቸው ስም ነው የምትጠራቸው። ትልቋ «መከታዬ» አለቻቸው፣ ሁለተኛዋ «ጌትዬ»፣ እኔ «ጥላዬ»።

በጣሊያን ጊዜ ባሎቻችን ዱር ቤቴ ብለው ነበር። ስንቃቸው ከእኛ ቤት እንደሚወጣ አንዱ ተናግሮ ኖሮ፣ አንድ የጣሊያን መኮንን ቀዬውን ሊያቃጥል ከነአስተርጓሚው መጣ። ስሙን በቃሉ ይዟል፤ ቦታውን ግን አያውቅም። አማቴ እግራቸውን ስለሚያማቸው መሸሽ አልቻሉም። ጓሮ ካለው የጭድ ክምር ውስጥ ሸሸግናቸውና ለእመቤቴ አደራ ሰጠን።

መኮንኑ ከላይኛው ደጃፍ ጀመረ።

«አንቺ፣ ይህ ቀዬ የማን ነው?» አለ አስተርጓሚው።

«የመከታዬ» አለች ትልቋ።

ወረድ ብለው ሁለተኛዋን ጠየቁ።

«የጌትዬ ነዋ።»

እኔ ዘንድ ሲደርሱ ልጄን አዝዬ ደጅ ቆሜአለሁ።

«ይህስ?»

«የጥላዬ ነው፣ ጌታው።»

«በአንድ ተዳፋት ላይ ሦስት ቀዬ?»

«እኔ እንኳ በትዳር የመጣሁ ነኝ... ከደጄ ወዲያ ምን አውቄ።»

ልብ በሉ፣ አንዳችንም አልዋሸንም። ለንስሐ አባቴም ይህንኑ ነግሬአለሁ። መኮንኑ ላቡን ጠርጎ፣ የሚፈልገው ቀዬ ከወንዙ ማዶ ነው ብሎ ተሻገረ። አስተርጓሚውም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወይ ሚስት አላገባም፣ ወይ አግብቶ እንዳላገባ ሆኖልናል።

አማቴ ጺማቸው ጭድ ለብሶ ወጡ።

«ሦስት ቀዬ ይዞ እስካሁን ምሳ ያልበላ ከእኔ በቀር ማን አለ?» አሉ።

ወሬው ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ በሳቅ ሦስቱን ስም ይጠራ ጀመር፤ ስሞቹም እንደዋዛ በየደጃፋችን ላይ ተጣብቀው ቀሩ። በቀደም አንድ የተማረ ልጅ ቤቴ መጥቶ፣ «ጥላዬ» የተባለው እዚህ በነበረ ትልቅ ዋርካ ጥላ ምክንያት ነው ብሎ አስረዳኝ።

«ዋርካው የት ሄደ፣ ልጄ?»

«ጠፍቷል፣ እማማ።»

አመስግኜ ሸኘሁት።

አሁን ደግሞ ይህን ታሪኬን የሚያወጣው ጋዜጣ አዘጋጅ፣ «የቀዬው ዋና ስም ማን ነው? አንባቢ ይጠይቃል» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ቤታችንን ከእሳት ያተረፈ፣ ልጆቼን ያሳደገልኝ አምላክ ይመስገን። የአማቴንም ነፍስ ይማር። ስሙን ግን ጎረቤት ጠይቁ፤ እኔ ምራት ነኝ።